«እኔም ባለቤቴም ጤነኛ ነን፤ ልጃችን ሲክል ሴል ከየት አመጣች?»

ጥያቄው ጋምቤላ ከተማ ከምትኖር እናት የመጣ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ልጄ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ከስምንት ወሯ ጀምሮ እጇና እግሯ እያበጠ ስታለቅስ ታድራለች። አንዴ ወባ፣ አንዴ ቁርጥማት፣ አንዴ ደም ማነስ እየተባለ ስትታከም ቆየች። ባለፈው ወር ሆስፒታል ተኝታ ደም ተሰጣት። ከዚያ ‹ሲክል ሴል ነው፣ በዘር የሚመጣ ነው› አሉን። እኔም ባለቤቴም እንዲህ ያለ ሕመም ታመን አናውቅም። የእሱ ወገኖች ከእናቷ ነው ይላሉ፤ የእኔዎቹ ከአባቷ ነው ይላሉ። እኔም እሷም የደም ዓይነታችን ኤ ፖዘቲቭ ነው፤ ከዚያ ይሆን? የአይረን ሽሮፕ እየሰጠኋት ነው። ጎረቤት ቀይ ሥርና ጉበት አብዢላት ይለኛል። እናቴ ጸበል እንውሰዳት ትላለች። አሁን የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ይኼኛውስ ይታመም ይሆን? ልጄስ ትድናለች? ሪፈር ወደ አዲስ አበባ ጽፈውልናል፤ መሄዱ ይጠቅማል?»

ከማን ዘር መጣ በሚለው ልጀምር፤ ቤታችሁን የሚያምሰው እሱ ነውና። ከሁለታችሁም ነው፣ እኩል በእኩል። ሲክል ሴል ቀይ የደም ሴል የሚጣመምበት ሕመም ነው። ልጅ ይህን ሕመም ይዞ የሚወለደው ከእናቱም ከአባቱም ጉድለት ያለበትን ጂን፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የሰውነት መመሪያ፣ ሲወርስ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ልጅዎ እንደ እናንተ ጤነኛ ሆና ታድግ ነበር። ስለዚህ የባለቤትዎ ወገኖችም ተሳስተዋል፣ የእርስዎም ተሳስተዋል። ጥፋተኛ የሚባል ሰው የለም። በእርግዝና ጊዜ የበሉት ወይም ያልበሉት ነገር አላመጣውም። በንክኪ፣ ጡት በማጥባት ወይም አብሮ በመብላትም አይተላለፍም።

«እኛ ለምን አልታመምንም?» ለሚለው መልሱ እዚያው ነው። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን ሄሞግሎቢን ይባላል። እሱ የሚሠራበትን ጂን እያንዳንዳችን በሁለት ቅጂ ይዘን እንወለዳለን፤ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት። የተለመደው ሄሞግሎቢን ኤ ይባላል፣ የተለወጠው ደግሞ ኤስ። እርስዎና ባለቤትዎ አንድ ኤ እና አንድ ኤስ ሳይኖራችሁ አይቀርም። ደህናው ቅጂ በቂ ሥራ ስለሚሠራ ሳታውቁት ትኖራላችሁ። ይህ ተሸካሚነት ነው። ቀለል ያለ ሕመም አይደለም፤ ቆይቶም ወደ ሕመም አይለወጥም። ልጅዎ ግን ከሁለታችሁም ኤሷን ወረሰች።

ኤ ፖዘቲቭ መሆን ከዚህ ጋር አይገናኝም። የደም ዓይነት በሴሉ ገጽ ላይ ያለ ምልክት ነው፤ ሄሞግሎቢን ግን በሴሉ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ፊደላቱ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ይምታታበታል። «ኤ ኤስ ነህ» የተባለ ሰው «እኔ እኮ ኦ ነኝ» ብሎ ሲከራከር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው።

አሁን ልጅዎ ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ልንገርዎ። የጂኑ ስህተት በጣም ትንሽ ነው። ከመመሪያው ጽሑፍ አንዲት ፊደል ብቻ ተለውጣለች። በዚህ ምክንያት በሄሞግሎቢን ሰንሰለት ስድስተኛው ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ መኖር ሲገባው ቫሊን ገብቷል፤ ሁለቱም ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች ናቸው። ይህ ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ሲያስረክብ እርስ በርሱ ተጣብቆ ረጅም ዘንግ ይሠራል። ዘንጉ ሴሉን ከውስጥ ወጥሮ ቅርጹን ያጣምመዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ልክ እንደ ማጭድ ነው። ደህናው ቀይ ሴል ልስልስና ተጣጣፊ ስለሆነ በቀጭኑ የደም ሥር ሾልኮ ያልፋል። ይኼኛው ደርቆ ይሰነቀራል፤ ከኋላ የሚመጡትንም ያግዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው አጥንት ወይም ሥጋ ደም ያጣል። ሕመሙ እሱ ነው። ሌላም አለ። ደህና ቀይ ሴል 120 ቀን ገደማ ሲቆይ ይኼኛው ከ10 እስከ 20 ቀን ቆይቶ ይፈርሳል። መቅኒዋ ሌት ተቀን ቢሠራም አይደርስለትም። ደም ማነሷም፣ የዓይኗ ቢጫ መሆንም ከዚህ ይመጣል።

በስምንት ወሯ የጀመራትም ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃን ሲወለድ ደሙ ውስጥ የሚበዛው ሄሞግሎቢን ኤፍ የሚባለው ነው፤ እሱ ደግሞ አይጣመምም። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ቀስ በቀስ እየቀነሰ ኤስ ይተካዋል። ያኔ የሁለቱም እጆች ወይም እግሮች ጀርባ ያብጣል፣ ጣቶቹ ይወፍራሉ፣ ሲነኩ ሕፃኑ ይጮሃል። ለሐኪም ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ወባ ወይም ቁርጥማት ተብሎ ይታለፋል። ወጌሻ ጋ የሚሄድም አለ። ያበጠ እጇን ማንም እንዳያሽ፣ ማንም እንዳይበጣ። ውስጡ ደም ያጣ አጥንት ነው፤ ማሸት ይጎዳዋል፣ መብጣት ደግሞ ኢንፌክሽን ይጨምርበታል።

ጋምቤላ ውስጥ ይህ ለምን ይታያል? በወባ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 አንቶኒ አሊሰን የተባለ ሐኪም የኤስ ጂን ተሸካሚዎች በከባድ ወባ ብዙም እንደማይሞቱ በምሥራቅ አፍሪካ ባደረገው ጥናት አሳየ። ወባ ለብዙ ሺህ ዘመን በኖረባቸው ቆላዎች ተሸካሚ ሕፃናት ተርፈው አደጉ፣ ጂኑም በዛ። ደጋ ላይ ያ ምክንያት ስላልነበረ ጂኑ ብርቅ ነው። በምዕራቡ ቆላ፣ በጋምቤላና በቤንሻንጉል ጉሙዝ አካባቢ፣ ከደጋው ይበልጥ የሚታየው ለዚህ ነው። ሰው ግን ይጋባል፣ ይሰደዳል፣ አገር ይለውጣል። «እኛ ከደጋ ነን፣ አይነካንም» ማለት አያዋጣም።

እዚህ ላይ አደገኛ ስህተት አለ። «ሲክል ሴል ያለበት ሰው ወባ አይዘውም» ይባላል። ከባድ ወባን የሚቋቋመው ተሸካሚው ነው፤ እሱም ቢሆን መያዙ አይቀርም። ሕመሙ ያለባትን ልጅዎን ግን ወባ ከሌሎች ልጆች የባሰ ይጎዳታል። ቀድሞውንም ያነሰ ደሟን ይጨርሰዋል። አጎበር ለእርሷ መድኃኒት ነው፤ በየሌሊቱ። የወባ መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋት እንደሆነም ሐኪሟን ይጠይቁ።

ወደ ምርመራው እንምጣ። ጋምቤላ ላይ ሕመሙን ያዩት ምናልባት በፔሪፈራል ሞርፎሎጂ ነው፤ ደሟ ስላይድ ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ማለት ነው። ወይም ሲክሊንግ ቴስት የሚባለውን፣ ደም ውስጥ ኤስ መኖሩን የሚያሳየውን ቀላል ምርመራ፣ ሠርተው ይሆናል። ሲክሊንግ ቴስት ጉድለት አለበት፤ ተሸካሚውንም በሽተኛውንም እኩል «ፖዘቲቭ» ይላል። ለይቶ የሚነግረን የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን ከነመጠናቸው የሚያሳየው፣ ሄሞግሎቢን ኤሌክትሮፎሬሲስ የሚባለው ምርመራ ነው። ልጅዎ ደግሞ ባለፈው ወር ደም ተሰጥቷታል። አሁን ቢመረመር የሚታየው የሰጪውም ሄሞግሎቢን ጭምር ነው። ንጹሕ ውጤት ለማግኘት ደም ከተሰጣት ሦስት ወር ያህል መቆየት አለበት። እስከዚያ ድረስ ምላሹን በፍጥነት የሚሰጠን የእናንተ የሁለታችሁ ደም ነው። አባት «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ለምን እመረመራለሁ?» ሊል ይችላል። ጤነኛ መሆኑ የሚያሳየው በሽተኛ አለመሆኑን ብቻ ነው፤ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል።

ከሁለታችሁ አንዳችሁ ኤ ኤስ ባትሆኑስ? እዚህ ጋ ብዙ ትዳር ያለ አግባብ ይናጋል። ሌላውን ወገን ለመጠርጠር አትቸኩሉ። ቤታ ታላሴሚያ የሚባል ሌላ የሄሞግሎቢን ጉድለት አለ። ከአንድ ወገን ኤስ፣ ከሌላው ቤታ ታላሴሚያ የወረሰ ልጅ ልክ እንደ ሲክል ሴል ሕመምተኛ ይሆናል። የታላሴሚያ ተሸካሚው በተራ ምርመራ አይያዝም፤ ጤነኛ መስሎ ያልፋል። ሄሞግሎቢን ሲ የሚባል፣ ከኤስ ጋር ሲገናኝ የሚያሳምም ሌላ ዓይነትም አለ። ስለዚህ ውጤቱ የታላሴሚያ ተሸካሚን ለመለየት የሚረዳውን የሄሞግሎቢን ኤ 2 መጠንንም የሚያሳይ ይሁን፤ ከሙሉ የደም ቆጠራ ጋር የደም ባለሙያ ይየው።

የሆድዎን ልጅ በተመለከተ፣ ሁለታችሁም ተሸካሚ ከሆናችሁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከአራት ሁለት፣ ከሁለቱም ነጻ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ። ይህ ዕድል ለእያንዳንዱ እርግዝና እንደ አዲስ ይጀምራል። «አንዷ ታመመች፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ ደህና ይሆናሉ» ማለት አይደለም። አራቱም ደህና የሆኑለት ቤተሰብ አለ፤ ሦስት የታመሙበትም አለ። ጽንሱ ማህፀን እያለ የሚመረመርባቸው አገሮች አሉ። በየቦታው የሚገኝ ግን አይደለም፤ ለእርግዝናውም ትንሽ አደጋ አለው። ካለበት ቦታ ብትደርሱ እንኳ ውሳኔው የእናንተ ነው። እኔ አጥብቄ የምለው ሌላ ነገር ነው፤ ሕፃኑ እንደተወለደ ይመርመር። የአራስ ደም በሄሞግሎቢን ኤፍ የተሞላ ስለሆነ ሲክሊንግ ቴስት «የለበትም» ብሎ ሊያታልል ይችላል። ኤሌክትሮፎሬሲስ ወይም መሰሉ ነው የሚያስፈልገው። ቶሎ ከታወቀ በሁለት ወሩ ፔኒሲሊን ይጀምራል፤ እንደ እህቱ ስሙን ሳናውቀው ሦስት ዓመት አይሰቃይም።

ስለ ፔኒሲሊኑ ላብራራ፤ እነዚህን ልጆች ቀድሞ የሚገድላቸው የአጥንቱ ሥቃይ ሳይሆን ኢንፌክሽን ነውና። ጣፊያ ደም ውስጥ የገቡ ባክቴሪያዎችን ታጣራለች። በዚህ ሕመም ግን የራሷ የደም ሥሮች እየተደፈኑ ገና በልጅነት ሥራ ታቆማለች። ያኔ ሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጣው ኒሞኮከስ በሰዓታት ውስጥ ልጅ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ይህን ኢንፌክሽን በ84 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ርካሽ መድኃኒት ነው። ልጅዎ ቢያንስ አምስት ዓመት እስኪሞላት በየቀኑ ትውሰድ። ፔኒሲሊን ቪ ከጠፋ ሐኪሙ በአሞክሲሲሊን ሊተካው ይችላል። ክትባቷ የተሟላ መሆኑንም ካርዷን ይዘው ያረጋግጡ፤ በተለይ የሳንባ ምቹን።

ፔኒሲሊን ብትወስድም ትኩሳት እንደ ድንገተኛ ይታይ። ቴርሞሜትር ይግዙ። 38.5 ከደረሰ ሌሊት ቢሆንም ጤና ተቋም ትሂድ። እናንተ አካባቢ ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። የወባ ምርመራው ፖዘቲቭ ሲወጣ ሁሉም ሰው ይረጋጋል። ወባ ተገኘ ማለት ግን ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለም። «ልጄ ሲክል ሴል አለባት» ብለው በራስዎ አፍ ይናገሩ፤ የአንቲባዮቲክ መርፌም እንዲያስቡበት ይጠይቁ። ሕመሙ በአገራችን ብዙ ስላልተለመደ ያልነገሩት ባለሙያ ላያስበው ይችላል።

ሌላው በቤት የሚማሩት ነገር ጣፊያዋን መዳሰስ ነው። ነርሷ እጅዎን ይዛ ታሳይዎት። ልጅቷ በጀርባዋ ትተኛ፣ ጉልበቷን ትጠፍ። በግራ የጎድን አጥንቷ ሥር ጣቶችዎን አሳርፈው ስትተነፍስ ይጠብቁ። ጠንከር ያለ ጠርዝ ከተሰማዎ የስንት ጣት ስፋት ያህል እንደወረደ ያስታውሱ። ደህና በሆነችበት ቀን የምትገኝበትን መጠን ማወቅ ነው ቁም ነገሩ። አንዳንዴ ጣፊያ ድንገት ደም አምቃ ታብጣለች። ልጅቷ ትገረጣለች፣ ትዝላለች፣ ሆዷ በግራ በኩል ይወጠራል። ይህ በሰዓታት የሚገድል ነገር ነው፤ ደም ያስፈልጋል። አፏ ከተጣመመ፣ አንድ እጇ ወይም እግሯ ከሰነፈ፣ ንግግሯ ከተወላገደ ደግሞ ስትሮክ ነው። ልጆችንም ይይዛል። ደረቷን አሟት ትንፋሿ ከፈጠነም ቤት አትቀመጥ።

የአይረን ሽሮፑን ያቁሙ። የእርሷ ደም ማነስ ከአይረን እጥረት አልመጣም። ሴሎቿ ሲፈርሱ አይረኑ እዚያው ሰውነቷ ውስጥ ይቀራል፤ ደም ሲሰጣት ደግሞ ይጨመራል። ተጠራቅሞ ጉበትና ልብ ይጎዳል። ፌሪቲን፣ ማለትም የሰውነት የአይረን ክምችት መለኪያ፣ ተለክቶ ማነሱ ከተረጋገጠ ብቻ ሐኪም ሊያዝላት ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፎሊክ አሲድ ነው፤ መቅኒዋ አዲስ ሴል ለመሥራት ይፈልገዋል። ቀይ ሥሩም ጉበቱም እንደ ምግብ ከሌላው ጋር ትብላ፤ ሕክምና ግን አይደሉም። የሄሞግሎቢኗ መጠን ደህና በሆነችበት ጊዜም ከ6 እስከ 9 ግራም በዴሲሊትር ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ደም ይሰጣት ማለት የለባችሁም። የራሷን የዘወትር መጠን ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ።

ጸበሉን በተመለከተ እናትዎን አላስቀይምም። ጸሎት ይጸለይላት። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግን አትጠመቅ። ብርድ የደም ሥርን ያጠባል፤ ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። የውሃ ጥምም እንደዚያው። ስለዚህ አባቶችን አስረድተው ጥቂት ይረጯት፣ ወዲያው ደርቃ ትልበስ፣ ውሃ ሳትጠጣ አትዋል። መድኃኒቷም ለአንድ ቀን እንኳ አይቋረጥ። ሕመሙ ሲነሳ ውሃ ማጠጣት፣ ያመማትን ቦታ ማሞቅ፣ በክብደቷ የታዘዘውን ፓራሲታሞል መስጠት ይቻላል። ካልበረደ ሆስፒታል ትሂድ። እዚያ ሞርፊን ቢሰጧት ሱስ ይሆንባታል ብላችሁ አትከልክሉ። ይህ ሕመም አዋቂ ወንድ ያስለቅሳል።

«ትድናለች?» ላሉት እውነቱን ልንገርዎ። ጂኑን የሚያጠፋ እንክብልም ሆነ ቅጠል የለም። «ከሥሩ እነቅለዋለሁ» የሚል ሰው ገንዘብዎን ሊወስድ ነው። በዓለም ላይ ፈውስ የሚባሉት ሁለት ናቸው። አንዱ የመቅኒ ንቅለ ተከላ ነው፤ በተለይ ከአንድ እናትና አባት ከተወለደ ተስማሚ ወንድም ወይም እህት ሲገኝ። እያንዳንዱ ወንድም ወይም እህት የመስማማት ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ ተሸካሚ ቢሆንም መስጠት ይችላል። ሁለተኛው የጂን ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አሜሪካ ሁለት ዓይነት ፈቀደች፤ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ። ዋጋቸው አንዱ 2.2 ሚሊዮን፣ ሌላው 3.1 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሁለቱም ከባድ ኬሞቴራፒ ይጠይቃሉ። ለእርስዎ ልጅ ዛሬ የሚሆን መንገድ አይደለም፤ ቤት ሸጣችሁ አትሩጡ።

ዛሬ የሚሆናት ሃይድሮክሲዩሪያ ነው። በቀን አንዴ የሚዋጥ ነው። ያ በሕፃንነቷ ይጠብቃት የነበረውን ሄሞግሎቢን ኤፍ መልሶ ያበዛላታል። በአንጎላ፣ በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ሕፃናት ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ ታትሟል። ሕመሙ የሚነሳበት ጊዜ፣ ደም የሚሰጥበት ጊዜ፣ ወባውም ሞቱም ቀንሷል። እነዚያ ልጆች የእኛ ጎረቤቶች ናቸው፤ ወባውም ድህነቱም ያው የእኛው ነው። የመድኃኒቱን ወረቀት ያነበበ «የካንሰር መድኃኒት ነው» ብሎ ይደነግጣል። ለአንዳንድ ካንሰሮችም ይሰጣል፣ ልጅዎ ግን ካንሰር የለባትም። ገደቡን ይወቁ፤ ውጤቱ እስኪታይ ወራት ይወስዳል፣ ሲያቆሙት ጥቅሙ ይቀራል፣ የደም ቆጠራ በየጊዜው ይፈልጋል። እርስዎ ነፍሰ ጡር ስለሆኑ ደግሞ እንክብሉን በባዶ እጅ አይክፈቱ፣ አያሟሙ። አባቷ ይስጣት።

ወንድምና እህቶቻችሁም ይመርመሩ፣ በተለይ ሊያገቡ ያሰቡት። የባለቤትዎ ወንድም ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ቢያንስ ከሁለት አንድ ነው። ከጋብቻ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ለምደናል፤ እናንተ አካባቢ ይህንንም መጨመር ተገቢ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚጋቡ ሁሉ ግዴታ አድርጋዋለች።

አዲስ አበባ ሂዱ። የደም ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ሊያያት ይገባል፤ ጥቁር አንበሳ አንዱ ነው። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ ሃይድሮክሲዩሪያ እንዲጀመርላት ጠይቁ። ቀጥሎ ስትሮክ ከመምጣቱ በፊት አደጋውን የሚያሳየው የጭንቅላት ደም ሥር ዶፕለር (የደም ፍሰትን የሚለካ አልትራሳውንድ) ይሠራላት እንደሆነ ጠይቁ። ጉዞውን ግን አስቡበት። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ያልፋል። አየሩ ስስ ነው፣ ይበርዳል። ይህ ለእርሷ ሴሎች መጥፎ ነው። ስለዚህ ትኩሳት ወይም ሕመም ባለባት ሳምንት አትውሰዷት፤ ጣፊያዋ ካበጠም እንደዚያው። ከመነሳታችሁ በፊት ሄሞግሎቢኗ ይለካ። ሹራብና ካልሲ ያልብሷት፣ መንገዱን ሙሉ ውሃ ያጠጧት። የሆስፒታል መውጫ ወረቀቷን፣ የስላይዱን ውጤትና ደም የተሰጠችበትን ቀን ይያዙ። ባለቤትዎም ሥራ አስፈቅዶ አብሮ ይሂድ፤ የእሱም የእርስዎም ደም በአንድ ቀን ለኤሌክትሮፎሬሲስ ይሰጥ።